ባዶ እግሩን ከጃቶ እስከ ሮም፦ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወትና የውስጥ እግር ስሜት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚያቀና መንገደኛ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሸኖን፣ ከዚያም ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ጣርማ በር ሲቃረብ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። የጣርማ በርን ዋሻ አቋርጦ ሲወጣ ግን መሬቱ በድንገት ይከዳዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርድና ከፍታው 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ወደሆነው የይፋት ቆላ፣ ማሽላ ወደሚበቅልበትና የሮቢ ወንዝ ወደሚያልፍበት የሸዋ ሮቢት ምድር ያደርሰዋል።

ይህ መንገድ በኢትዮጵያ ስፖርት ታሪክ ውስጥ ከሚጠሩት ስሞች ሁሉ ከታላቁ ጋር ሁለት ጊዜ የተሳሰረ ነው። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው የሆነው ሻምበል አበበ ቢቂላ የተወለደው መንገዱ ከሚያቋርጠው የሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። በእግሮቹ መቆም ያቃተውም በዚሁ መንገድ ላይ በደረሰበት አደጋ ነው። ከልደቱ እስከ አደጋው ያለው ዕድሜ 37 ዓመት አልሞላም። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ያለፈበት ውጣ ውረድ ሳይንስ ቀስ በቀስ የደረሰበትን አንድ እውነታ በጉልህ ያሳያል። የሰው እግር ብርታት የሚመነጨው ከጡንቻ ብቻ አይደለም። መሬት የሚዳስሰው የውስጥ እግር ቆዳም በጉልበቱ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው።

መኪና ባልተስፋፋበት ዘመን የሰሜን ሸዋ ደገኛና የይፋት ቆለኛ የሚገናኙት በእግር ነበር። ከላይ ገብስና ባቄላ፣ ከታች ጥጥና ማሽላ በሰውና በአህያ ጀርባ ዳገቱን ይወጡና ቁልቁለቱን ይወርዱ ነበር። ቁልቁለት መውረድ ለተመልካች ቀላል ይመስላል እንጂ ለእግር ጡንቻ ከባድ ሥራ ነው። የጭንና የባት ጡንቻዎች እየተለጠጡ የሰውነትን ክብደት መግታት አለባቸው። እያንዳንዱ እርምጃ ምን ያህል መገታት እንዳለበት የሚወሰነው ደግሞ እግሩ ባረፈበት ቅጽበት ነው። ድንጋዩ ጠጣር ይሁን ልል፣ መሬቱ ያዳልጥ ወይም አያዳልጥ መጀመሪያ የሚያውቀው ውስጥ እግር ነው። የዚያ ዘመን ገበሬ በአብዛኛው ባዶ እግሩን ይሄድ ስለነበር ይህን ትምህርት የሚቀስመው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነበር።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በመንዲዳ አቅራቢያ ጃቶ በምትባል መንደር ከአባቱ ከአቶ ቢቂላ ደምሴና ከእናቱ ከወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ተወለደ። ዕለቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 7 ቀን 1932 ሲሆን፣ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ማራቶን የተካሄደበት ቀን ነበር። ገና በሕፃንነቱ የኢጣሊያ ወረራ በመምጣቱ ቤተሰቡ አካባቢውን ለቆ ለመሰደድ ተገደደ፤ ወደ ጃቶ የተመለሰውም ከነፃነት በኋላ ነው። ልጁ እንደ እኩዮቹ ሁሉ ከብት እየጠበቀ አደገ። የገና ጨዋታም ይወድ ነበር። በዚያ ጨዋታ ግቦቹ እጅግ የተራራቁ ስለሚሆኑ ተጫዋቹ ሩሩን እየተከተለ ረጅም ርቀት በሜዳና በጉብታ ላይ መሮጥ ግድ ይለው ነበር።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ። ከሱሉልታ ኮረብታዎች ወደ አዲስ አበባ ሮጦ መመለስ የዕለት ተግባሩ ነበር። እንቅስቃሴው የስዊድን ዜጋ የሆኑትን የሜጀር ኦኒ ኒስካነንን ዓይን ሳበ። ኒስካነን የክብር ዘበኛን ስፖርተኞች ያሠለጥኑ ነበር። አበበን ረጅም ርቀት፣ አቀበት፣ ቁልቁለትና የፍጥነት ልምምድ አቀያይረው አሠሩት። በጫማም ያለጫማም ይሮጥ ነበር። በ1952 ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄደ ማራቶን 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የፈጠነ ሰዓት ነበር። ርቀቱ የተሸፈነው ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ሆኖም ከአገር ውጭ ትኩረት የሰጠው ሰው አልነበረም።

ሮም ከደረሰ በኋላ የሆነው ለብዙዎች የታወቀ ነው። ያረጀ ጫማውን ለመተካት የተገዛለት አዲስ ጫማ እግሩን ስላላጠውና ውሃ ስላስቋጠረው ያለጫማ እንዲሮጥ ተወሰነ። ብዙ ጊዜ ይህ ውሳኔ የጀግንነት ወይም የድህነት ምልክት ተደርጎ ይተረካል። ከሰውነት አሠራር አንፃር ሲታይ ግን ጥንቃቄ የተሞላበት ውሳኔ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ውስጥ እግርን በቅርብ መመልከት ይጠይቃል። የውስጥ እግር ቆዳ ፀጉር የማያበቅልና ከሌላው የሰውነት ቆዳ የወፈረ ነው። በውስጡ አራት ዓይነት የመዳሰስ ስሜት ተቀባዮች አሉ። አንዳንዶቹ መልእክት የሚልኩት ጫና ሲያርፍባቸውና ሲነሳላቸው ብቻ ነው። ሌሎቹ ጫናው እስካለ ድረስ ሳያቋርጡ ያሳውቃሉ፤ የቆዳን መለጠጥ የሚለዩም አሉ። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በቀጭን መርፌ ከቲቢያል ነርቭ ላይ መልእክታቸው የተቀዳ 104 የውስጥ እግር ስሜት ተቀባዮችን መርምሯል። ከአስሩ ሰባቱ ለውጥ ሲኖር ፈጥነው የሚናገሩ ሆነው ተገኝተዋል። ውስጥ እግር በዋናነት የሚከታተለው ክብደት መኖሩን ሳይሆን ክብደቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ነው ማለት ነው። ለሚሮጥ ሰው የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

መልእክቱ በነርቭ አማካይነት ወደ ህብለ ሰረሰር ታችኛው ክፍል ከደረሰ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቅርንጫፍ ወደ አንጎል ወጥቶ ሰውዬው የረገጠውን እንዲያውቅ ያደርጋል። ሌላው እዚያው ህብለ ሰረሰር ውስጥ የእግር ጡንቻን ወደሚያዙ ነርቮች ይሄዳል። ይህኛው የአንጎልን ውሳኔ አይጠብቅም። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ከውስጥ እግር የሚነሳ የአንድ ነጠላ ስሜት ተቀባይ መልእክት እንኳ በእግር ጡንቻ ሥራ ላይ ሊለካ የሚችል ለውጥ እንደሚያመጣ አሳይቷል። ለውጡ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ተረከዝ ሲነካና የጣቶች ሥር ሲነካ የሚበረታውና የሚዝለው ጡንቻ ይለያያል። እግሩ መሬት ላይ ባለበትና አየር ላይ ባለበት ጊዜም ምላሹ ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 ካናዳ ውስጥ በተደረገ ሌላ ሙከራ ደግሞ የሰዎች ውስጥ እግር በቅዝቃዜ እንዲደነዝዝ ተደረገ። ጡንቻቸው ላይ ምንም ነገር ሳይደረግ አረጋገጣቸውም፣ ጡንቻቸው የሚሠራበት መጠንም ተለወጠ።

የሕመም መልእክት ከዚህ ሁሉ ይበረታል። እሾህ የወጋው እግር ባለቤቱ ሳያስብ እንደሚሸሽ ሁሉ፣ የቆሰለ ቆዳም እግርን የሚያጥፉትን ጡንቻዎች ቀስቅሶ እግርን የሚዘረጉትንና ሰውነትን የሚገፉትን ያዳክማል። ስዊድናዊው የነርቭ ሳይንስ ሊቅ ካርል ኤሪክ ሃግባርት በሰው እግር ላይ ስለሚታየው ስለዚህ የመሸሽ ምላሽ ያጠኑትን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1960፣ ማለትም አበበ ሮም ላይ በሮጠበት ዓመት ነው። የአገራቸው ሰው ኒስካነን በዚያው ዓመት ሯጫቸው ውሃ በቋጠረ እግር 42 ኪሎ ሜትር እንዳይሮጥ መከላከላቸው ግጥምጥሞሽ ነው። ፍሬው ግን አንድ ነው። ጫማው የሚያደርሰው ቁስል ቆዳን ከመላጥ አልፎ የባትንና የጭንን ጉልበት ይቀንስ ነበር።

ውድድሩ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ተካሄደ። ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ወደ ማምሻው ተጀምሮ በሌሊት የተጠናቀቀ ማራቶን ነበር። ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር 69 ሯጮች ተነሱ። አበበ በደረቱ 11 ቁጥርን ለጥፎ፣ ባዶ እግሩን ከመካከላቸው ነበር። ከርቀቱ ገሚሱን ገደማ ካጋመሰ በኋላ ከሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ሁለቱ ብቻ ተነጥለው ወጡ። መንገዱ ወደ ጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ገባ። ወታደሮች ችቦ ይዘው ጠርዙን ቢያበሩም ከእግር ሥር ያለውን እያንዳንዱን ድንጋይ ማየት አይቻልም ነበር። በአብዛኞቹ ሯጮች እግር ሥር ጫማ ነበር። የአበበ ግን በቀጥታ ድንጋዩን ይዳስስ ነበር።

ባዶ እግር ሯጮችን ያጠኑ ምሁራን አንድ የአረጋገጥ ልዩነት አስተውለዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት ከልጅነታቸው ጀምሮ ያለጫማ የሮጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በተረከዝ ሳይሆን በእግራቸው ፊት ወይም መሐል ቀድመው እንደሚያርፉ ታይቷል። በተረከዝ ማረፍ የሚያስከትለው ድንገተኛ የግጭት ኃይል በዚህ ዓይነቱ አረጋገጥ ይቀንሳል። ድንጋጤውን የባት ጡንቻና የተረከዝ ጅማት እንደ ስፕሪንግ ተቀብለው ለሚቀጥለው እርምጃ ይመልሱታል። ጥንካሬያቸውን የሚመጥነው ደግሞ ከውስጥ እግር የሚመጣው መረጃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ለዓመታት ባዶ እግሩን የሄደ ሰው ውስጥ እግር ይደነድናል፤ የደነደነ ቆዳ ደግሞ አይሰማም ተብሎ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነና ኬንያውያንን ያካተተ ጥናት ይህን ሐሳብ ውድቅ አድርጎታል። ባዶ እግራቸውን የሚሄዱት ሰዎች ቆዳ የወፈረ ቢሆንም የመዳሰስ ስሜታቸው ጫማ ከሚያደርጉት ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። ጠጣሩ ቆዳ ጫናውን ሳይውጥ ከሥሩ ላሉት ተቀባዮች ያስተላልፋል። የጃቶ ልጅ ውስጥ እግር ከመደንደኑም ባሻገር የሚሰማ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

አበበና ኒስካነን የውድድሩን መንገድ አስቀድመው ሲያጠኑ የአክሱምን ሐውልት አይተዋል። ኢጣሊያ በወረራው ዘመን ወስዳ ሮም ላይ የተከለችው ይህ ሐውልት ከመጨረሻው መስመር ብዙ አይርቅም። አበበ ራዲን ጥሎ የፈተለከው እዚያ አካባቢ ነበር። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። በወቅቱ የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበር። ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ደረሰ። ጥቁር አፍሪካዊ የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያጠልቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሐውልቱ ራሱ ወደ አገሩ የተመለሰው ከ45 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ነበር።

ከድሉ ሦስት ወር በኋላ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በክብር ዘበኛ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት አበበንም ለአጭር ጊዜ ለእስር ዳረገው፤ ምሕረትም አገኘ። ከዚያ በኋላ አቴንስ ላይ እንደገና ባዶ እግሩን ሮጦ አሸነፈ። በጃፓኗ ኦሳካ ከተማ ግን የጫማ አምራቹ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ አግባብተውት በጫማ ሮጠ፤ አሸነፈም። እ.ኤ.አ. በ1963 ቦስተን ላይ አምስተኛ ወጣ።

ቶኪዮ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. የተሰጠው መልስ ባዶ እግርን እንደ ምትሃት ለሚቆጥሩ ሁሉ ጠቃሚ ነው። አበበ ከውድድሩ አምስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። በዚህ ጊዜ የሮጠው ጫማና ካልሲ አድርጎ ነው። ርቀቱን 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በሆነ ጊዜ በመሸፈን ከሮሙ በ3 ደቂቃ የሚፈጥን አዲስ የዓለም ምርጥ ሰዓት አስመዘገበ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ ከ4 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። እሱ እስኪደርስ አበበ በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን እያፍታታ ነበር። እግር የሚሰማው ያለጫማ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። በልኩ የሆነና የማይልጥ ጫማ የመሬቱን ጫና ወደ ቆዳ ያሳልፋል። ሕመም እስካልፈጠረ ድረስ ህብለ ሰረሰር የለመደውን መልእክት ያገኛል።

ባዶ እግር መሄድ በዚያ ዘመን ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ምርጫ አልነበረም። በእሳተ ገሞራ አፈር በተሸፈኑ ደጋማ አካባቢዎች ለዓመታት ያለጫማ የኖሩ ገበሬዎች ዝሆኔ ተብሎ በሚጠራው የእግር እብጠት ተሠቃይተዋል። የስሜትን ዋጋ ደግሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያህል ያወቀ የለም። በሽታው የውስጥ እግርን ነርቭ ሲያደነዝዝ ሕመምተኛው ሳይሰማው ይቆስላል፣ አረማመዱም ይበላሻል። በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው አለርት ከሥራዎቹ አንዱ እንዲህ ያሉትን እግሮች መንከባከብ ነበር። የስኳር ሕመምም በተመሳሳይ መንገድ እግርን ያደነዝዛል።

አበበ ከቶኪዮ በኋላ የመኮንንነት ማዕረግ ተሰጠው፤ ነጭ ቮልስዋገን መኪናም ተሸለመ። ከ1959 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግን የእግር ጉዳት ይመላለስበት ጀመር። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ሦስተኛውን ወርቅ ፍለጋ ቢሰለፍም ጉዳቱ አላስኬድ ስላለው 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ወርቁን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደው።

ከአምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት፣ አበበ በዚያች ቮልስዋገን በደብረ ብርሃን መንገድ ሲጓዝ ሸኖ አካባቢ መኪናዋ ተገለበጠች። ሌሊቱን ሙሉ ውስጧ ተይዞ ቆየ። ሰዎች ያወጡት በማግስቱ ጠዋት ነው። አንገቱ አካባቢ ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ስለነበር መጀመሪያ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አልቻለም።

ቶኪዮ ላይ ከ4 ደቂቃ በላይ የቀደሙት ጡንቻዎች በዚያች ሌሊት አልተቆረጡም። ባቱም፣ ጭኑም፣ የተረከዙ ጅማትም እንደነበሩ ነበሩ። የውስጥ እግሩ ቆዳም፣ በቆዳው ውስጥ ያሉት ስሜት ተቀባዮችም ባሉበት ነበሩ። የተጎዳው በእነርሱና በአንጎል መካከል ያለው መተላለፊያ ነው። ከላይ የሚመጣው ትእዛዝ አይወርድም፤ ከታች የሚላከው ስሜትም አይወጣም።

ሐኪሞች እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲገጥማቸው የሚያደርጉት አንድ ቀላል ምርመራ አለ። ፈረንሳዊው ሐኪም ጆዜፍ ባቢንስኪ እ.ኤ.አ. በ1896 እንደገለጹት ውስጥ እግርን ከተረከዝ ወደ ጣቶች ሥር በጠንከር ያለ ነገር ይፍቃሉ። በጤናማ አዋቂ ሰው ጣቶቹ ወደ ታች ይታጠፋሉ። ከአንጎል የሚወርደው መሥመር ከተጎዳ ግን አውራ ጣት ወደ ላይ ይነሳል። ሕመምተኛው መነካቱ ላይሰማው ይችላል፤ ጡንቻው ግን ለቆዳው ይመልሳል። በቆዳና በጡንቻ መካከል ያለው አጭሩ መንገድ ረጅሙ ከተቋረጠ በኋላም ሊሠራ እንደሚችል ይህ ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተካሄዱ ጥናቶች ከዚህ ርቀው ሄደዋል። ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎች ክብደታቸው ተደግፎ በሚንቀሳቀስ ወለል ላይ እግራቸው ሲራመድ የእግራቸው ጡንቻ ሥራ ከሚያርፍበት ጫና ጋር ይጨምር ነበር። ይህ እውቀት በ1961 ዓ.ም. በማንም ሐኪም እጅ አልነበረም።

አበበ ከአደጋው አንድ ሳምንት በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ። የሆስፒታሉ የህብለ ሰረሰር ክፍል እ.ኤ.አ. በ1944 በዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የተመሠረተ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ የተጎዱ ሰዎች ከሚሞቱባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ የማይሰማ ቆዳ በመኝታ ጫና መቁሰሉ ነበር። ጉትማን ሕመምተኞች በየጥቂት ሰዓቱ እንዲገላበጡ፣ ከዚያም በስፖርት የቀረ ጉልበታቸውን እንዲያጎለብቱ ሥርዓት አበጁ። አበበ ስምንት ወር ያህል በቆየበት ጊዜ የእጆቹን እንቅስቃሴ መልሶ አገኘ። እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ንግሥት ኤልሳቤጥ ጎብኝተውታል፤ ከመላው ዓለምም የመልካም ምኞት ደብዳቤዎች ጎርፈውለታል።

በ1962 ዓ.ም. ክረምት በዚያው በስቶክ ማንዴቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተካፈለ። በሚያዝያ ወር 1963 ዓ.ም. በእንግድነት በተጠራበት የኖርዌይ የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ደግሞ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። በሮም ድንጋይ ላይ እግሩ የሠራውን ያህል አሁን ክንዶቹ ይሠሩ ጀመር።

በ1964 ዓ.ም. የክረምት ማብቂያ ላይ ለሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ተጠርቶ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ስታዲየሙ ሲገባ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነስቶ ተቀበለው። ማራቶኑን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርም ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ እጁን ጨበጠው።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ሳቢያ በ41 ዓመቱ አረፈ። ለሞቱ ምክንያት የሆነው ከአደጋው ጋር የተያያዘ ችግር እንደነበር ይነገራል። አጼ ኃይለ ሥላሴ ብሔራዊ የሐዘን ቀን አወጁ። አስከሬኑ በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን አረፈ። በቀብሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኝቷል።

ከ36 ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2002 ዓ.ም.፣ የሮም ከተማ የአበበን ድል 50ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ዓመታዊ ማራቶኗን ለመታሰቢያው አዋለች። ውድድሩን እየመራ የመጣው ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና መጨረሻው መስመር ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲቀሩት ቆሞ ጫማዎቹን አወለቀ። የቀረውንም መንገድ ባዶ እግሩን ሮጦ በአንደኛነት ገባ።